ልጅ ልንጠይቅ ሴለም የሄድን ጊዜ

በደቡብ ህንድ ሴለም የምትባል ከተማ አለች። ይህን ከምታነቡት ውስጥ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሴለም ጎብኚ የሚሻማባት ከተማ አይደለችም። ብረት የሚቀልጥባት፣ ጨርቅ የሚሸመንባት፣ የብር አልቦ በየጓዳው የሚሠራባት፣ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች የሠራተኛ ከተማ ናት። እኛም ለጉብኝት አልሄድንም። የሄድነው ለሽምግልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሪክስተኗ ወይዘሮ ንግሥት አንድ ልጅ አላት፣ ናሆም ይባላል። እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ለትምህርት መጥታ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፕሪያ የምትባል የሴለም ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ግን ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ስልኳን ማንሳት ተዉ። እሷ ደግሞ «አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም» አለች፣ አለቀ። ልጁ ከሳ። እናቱ ስትሪትሃም ድረስ መጥታ ቤቴ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ካልሄዱልኝ ማን ይሄድልኛል?»

ናሆም አጠገቧ ነበር። «ጋሽዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ቪዲዮ ኮል ብናደርግስ? ኢት ኢዝ ቱ ፋር» አለ።

«ልጅ በቪዲዮ አይጠየቅም» አልኩት። ይህን ካልኩ በኋላ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ሽማግሌ ሦስት ቢሆን ደንብ ነበር። የአርችዌዩ አቶ ደምሴ ጉልበታቸውን ስለታመሙ ቀሩና ከሐጂ ኑሩ ጋር ሁለት ሆነን ተነሣን። ሐጂ በብሪክስተን ገበያ ልብስ የሚሰፋ ወሎዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተከራክረን አንድ ቀን እንኳ አልተጣላንም። እኔ የለንደን ቀይ ባስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከቤተ መቅደስ ይልቅ ስለ ባስ አብዝቼ ብጽፍ አትፍረዱብኝ።

ማክሰኞ

ፋሲካ ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል፤ ለንደን ግን ገና ካፖርት አላስወለቀችም። ነጭ ጋቢዎቻችንን፣ ለፕሪያ እናት የገዛነውን ነጠላና ማር ሁሉ በሐጂ ትልቅ ሻንጣ አንድ ላይ አደረግን። «አንድ ሻንጣ ከሆነ አይጠፋም፣ ሁለት ከሆነ ነው አንዱ የሚጠፋው» ያለው ሐጂ ነው። አመንኩት።

ረቡዕ

ከአውሮፕላን የምንወርድባት ትልቅ ከተማ ቼናይ ስንደርስ ሻንጣው የለም። የአውሮፕላን ጣቢያው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ቼክ አድርጎ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ «ይመጣል ሰር» አለን። እዚያ አገር ራስን እንዲያ ማወዛወዝ እሺም፣ አይሆንምም፣ እግዜር ያውቃልም እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ሻንጣው በእርግጥ መጣ፤ የመጣው ግን እኛ ከተመለስን በኋላ፣ ለንደን።

ባዶ እጃችንን የሴለም ባቡር ተሳፈርን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች እናት ከልጆቿ ጋር ምሳዋን ስትፈታ አየችን፤ ከየት እንደሆንን ጠየቀች። እኔ «ለንደን» አልኩ፣ ሐጂ «ኢትዮጵያ» አለ፤ ሁለቱንም ሰምታ በቅጠል የተጠቀለለ እርድ የገባበት የመሰለ ቢጫ ሩዝ ለሁለታችንም አካፈለችን። እምቢ ብንል አልሰማችም። በለንደን የምድር ባቡር በቪክቶሪያ መስመር ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ አንድ ሰው ብስኩት እንኳ ዘርግቶልኝ አያውቅም። እኔም ለማንም አልዘረጋሁም፣ እውነቱን ለመናገር።

ወደ ማታ ተራራዎቹ መጡ። አዲስ አበባ በአንድ በኩል እንጦጦ አለላት፤ ሴለም ግን በዞሩበት ሁሉ እንጦጦ ነው። ጣቢያው ላይ የፕሪያ ወንድም ካርቲክ ቆሞ ጠበቀን። የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እህቱን ስለሚወድ የእኛ ወገን ነው። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ስለሆነ አስተርጓሚያችንም እሱ ሆነ። ባስ ተራ አጠገብ ሆቴል አስያዘን። ሐጂ ጥሩምባው አላስተኛ አለኝ ብሎ ሲያማርር አደረ። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጥሩምባ ሹፌሩ ምን ማለቱ እንደሆነ እየገመትኩ ደስ ብሎኝ አንቀላፋሁ።

ሐሙስ

ሽማግሌ በቲሸርት አይሄድም። ስለዚህ ጠዋት ካርቲክ ጨርቅ ቤት ወሰደን። የአገሩ ወንዶች ለክብር የሚለብሱት ነጭ ሽርጥና ጥለት ያለው ነጭ ኩታ አለ። ሐጂ ጥለቱን በጣቱ እያሸ «ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ሽመናው የእኛን ሰው ሥራ ነው የሚመስለው» አለና ነጋዴውን ወደደው። ሽርጡን መታጠቅ ግን ከባድ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ወደቀብኝ። ነጋዴው በትዕግሥት አይቶ አይቶ፣ ከመደርደሪያ ሥር ወገቡ ላይ የሚጣበቅ፣ ኪስም ያለው ሽርጥ አወጣልኝ። ለሕፃናትና ለፈረንጅ የሚሸጥ ነው መሰለኝ። ባርኬ ገዛሁት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድን። አባቷ አቶ ሴልቫም አልቦ ሠሪ ናቸው። ቤታቸው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸውና ትልቅ እህታቸው ወይዘሮ ላክሽሚ ከውስጠኛው በር ቆመው ያዩናል። እጅ ነሣን፣ ገባን፣ ቆምን።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፣ ሽማግሌው «ጉዳይ አለን» ብሎ ይቆማል፤ ተለምኖ ተለምኖ ነው የሚቀመጠው። መልስ ሳያገኝም እህል ውሃ አይቀምስም። አዲስ አበባ ያሉ እህቶቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ዛሬ ሽማግሌ ሶፋ ላይ ተንፈላስሶ ለስላሳ እየጠጣ ነው የሚለምነው ይሉኛል። እኔ ከአገሬ ስወጣ ግን ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ተሻሽሏል ብሎ የጻፈልኝ የለም።

አቶ ሴልቫም ወንበር አሳዩን። ቆምን። ደግመው አሳዩን። ቆምን። ወንበሮቹን አዩአቸው፤ የፕላስቲክ ናቸው፣ የአንዱ መደገፊያ ተሰንጥቋል። አፈሩ። ለካርቲክ አንድ ነገር አሉት፤ ከጎረቤት ሁለት የእንጨት ወንበር ይዞ መጣ። እኛም «እየተለመንን ነው» ብለን በደስታ ቆምን። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሳቸውም ቆመዋል። ትንሽ ቆይቶ አራት ሰዎች አንድ ቀይ ሶፋ በጎን አዙረው በበሩ ሊያስገቡ መታገል ጀመሩ። የጥርስ ሐኪሙ ጎረቤታቸው ሶፋ ነበር፣ በሽተኛ ተነሥቶለት የመጣ።

«ኧረ መኩሪያ፣ ሰዎቹ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው» አለኝ ሐጂ በአማርኛ።

«ዝም በል፣ ሦስተኛ ልመና ነው» አልኩት።

ሶፋው ገባ። ቆምን። ሚስታቸው ውሃ በብረት ኩባያ አቀረቡ፤ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን እምቢ አልን። ይህን ጊዜ የአቶ ሴልቫም ፊት ጠቆረ። ካርቲክ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አንክል፣ ፕሊዝ። ውሃ ያልጠጣ እንግዳ ጠላት ነው። ምን አደረግናችሁ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ዝም ብዬ የልጆቹን ነገር ላበላሽ ነው። ደንባችንን ከሥር ጀምሬ አስረዳሁት፤ እሱም እየተርበተበተ ተረጎመው። ከበሩ በኩል ሳቅ ሰማሁ። የሚስቁት እህትየዋ ወይዘሮ ላክሽሚ ናቸው። ወደ መሐል ወጥተው ወንድማቸውን ተቆጡ። ካርቲክ እፎይ ብሎ ተረጎመልን፤ «የእኛም ደንብ እኮ ይኸው ነው» ማለታቸው ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ ቃሉ ሳይታሰር በልጅቷ ቤት እጁን አያርስም፤ ማለት ታጥቦ ማዕድ አይቀርብም። ውሃና ቡና ግን ማዕድ አይደለምና ይጠጣል፤ መቆሙንም ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም አሉን። ተቀመጥን። ውሃውን ጠጣን። ሶፋው በእርግጥም ምቹ ነበር።

ጉዳያችንን ተናገርን። አቶ ሴልቫም መነጽራቸውን አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «እስከ እሑድ አስብበታለሁ» አሉ።

ዓርብ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ሴለም ብርም ብረትም የሚሠራባት ከተማ ናትና ደረጃችን እስኪወርድ መጠበቅ ነበር። ደረጃችን ግን አልወረደም። ጠዋት የሆቴሉ በር ተንኳኳ፤ ካርቲክ በአራት ድርብ የብረት ሳህን የተላከ ለስላሳ የሩዝ ቂጣና ወጥ ይዞ ቆሟል። ከእነሱ ቤት ከሆነ አንበላም አልኩ።

«ኖ አንክል፣ የጎረቤት ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ሐጂ ክዳኑን ከፈተ። «ጎረቤት ሶፋ ከሰጠ ቁርስስ ምን ይከለክለዋል?» ብሎ በላ። እኔም በላሁ። ቅጠላ ቅጠል ብቻ ስለሆነ ለሐጂ ሃላሉን መጠየቅ ቀረለት፣ ለእኔም በዓለ ሃምሳ ነውና ዓርብነቱ አላሳሰበኝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ዶሳ የሚባለው የህንዱ ስስ የሩዝ ቂጣ እንጀራ ነው የሚሏችሁ ሰዎች ወይ ዶሳ አልበሉም ወይ እንጀራ አልበሉም።

ካርቲክ ከተማውን አዞረን። ከካሳቫ ሥር ሳጎ የሚባል ነጭ ጥራጥሬ የሚሠሩበት ግቢ አየን፤ እንደ ስንዴ ስጥ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ዓይን ያጠፋል፤ ሽታው ያደረ ሊጥ ነው። ማንጎው በየመንገዱ ተከምሯል። በብሪክስተን ገበያ በካርቶን የምንገዛው ማንጎ የዚህ የእንጀራ ልጅ ነው። ሐጂ አንዱን ሲመጥ አዲሱን ኩታውን አበላሸው፤ የሆቴሉ ሠራተኛ ወስዳ አጥባ፣ ተኩሳ መለሰችለት፤ ጉርሻ ብንሰጣት አልቀበልም አለች።

ከውስጤ ግን አላረፍኩም። ማታ ናሆም ደወለ። «ጋሽዬ፣ ምን አሉ?» «እያሰቡ ነው።» ከዚያ በአማርኛ ብቻ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይጨምር፣ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ልጁ አሳዘነኝ።

ቅዳሜ

አቶ ሴልቫም ራሳቸው ሆቴል መጡ። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ተራራው ሊወስዱን ነው። የርካድ ወደሚባለው ከፍታ የሚወጣው ባስ ውስጥ ገባን። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ቁጥር ተጽፎለታል። ሹፌሩ በባዶ እግሩ፣ በአንድ እጁ መሪውን እያዞረ፣ ከላይ ከሚመጣው ባስ ጋር በጥሩምባ እየተነጋገረ ወጣ። የስትሪትሃምን ዋና መንገድ በዝናብ ስነዳ ራሴን ሹፌር ነኝ እል ነበር። ሐጂ ግን ገና ከግማሹ ሳንደርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ላይ ስንደርስ ካርቲክ ከአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር አስተኛው፤ ባለቤቷ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫው ላይ ያዘችለት።

አቶ ሴልቫምና እኔ ብቻችንን ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድን። ከተማው ከሥር ተዘርግቷል፤ ጣሪያ፣ ጭስ ማውጫ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ዙሪያውን ተራራ። እኔ ስለ ናሆም የማወራውን አጥንቼ ነበር፤ ሥራውን፣ ጠባዩን፣ እናቱን እንዴት እንደሚጦር። እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቀደሙኝ።

«ዘመዶቼ ብዙ ይላሉ። ጥቁር ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ ሩቅ ነው ይላሉ። ለእነሱ ልጆችም የሠርግ አልቦ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ትዳራቸውን አውቀዋለሁ። እንቅልፍ የነሣኝ እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ለዚህ ልጅ ሁለት ሽማግሌ ባሕር ተሻግሮ መጣ። እናት አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ እናንተ አላችሁት። የእኔ ልጅ እዚያ ማን አላት? ሲጣሉ የማንን በር ታንኳኳለች?» ወደ ከተማው እያዩ ነው የሚናገሩት። «ትንሽ ሳለች አልቦዋ ላይ ቃጭል አበዛሁበት። ሥራ ላይ ሆኜ ቤት ውስጥ የት እንዳለች እሰማት ነበር። አሁን ምንም አልሰማም።»

ያጠናሁት ሁሉ ከንቱ ሆነ።

«እርስዎ ከልጁ ወገን ወጥተው የልጄ ወገን ይሁኑ» አሉኝ። «በለንደን አባቷ ይሁኑ። ያን ጊዜ እሰጣለሁ።»

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የተላከ ሽማግሌ ወገን ሲለውጥ በእኛ ዘንድ ክህደት ነው። ንግሥት ቤቴ መጥታ አልቅሳ የላከችኝ ለልጇ እንድቆም ነው። ነገ ባልና ሚስቱ ቢጣሉ፣ ናሆምን፣ በክርስትናው ቀን ያቀፍኩትን ልጅ፣ ፊት ለፊት «አንተ ነህ ጥፋተኛ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ፈራሁ። ግን ደግሞ ሰውየው እውነታቸውን ነው። እኔም ለንደን ስገባ የማንኳኳው በር አልነበረኝም፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል አልረሳሁትም።

«እሆናታለሁ» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው በብር ሥራ የሻከረ ነው።

ከዚያው ለባለቤቴ ለጽጌ ደወልኩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነው ያሉን። «ጽጌ፣ ሴት ልጅ አገኘን» አልኳት።

«በዚህ ዕድሜህ?» አለችኝ። ከነገርኳት በኋላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ «ምን ትወዳለች? ሚጥሚጣ ትችላለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለሐጂ ስነግረው ሎሚውን ከአፍንጫው አነሣ። «አብረን መጥተን እኔን ብቻዬን የልጁ ወገን አድርገህ ልትመልሰኝ?» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ደግ አደረግህ» ብሎ ሎሚውን መለሰ።

እሑድ

እጃችንን ታጠብን። የሙዝ ቅጠል ተነጠፈልን። ወይዘሮ ላክሽሚ ራሳቸው አሳላፊ ሆኑ፤ ቅጠሌ ላይ ባዶ ቦታ ባዩ ቁጥር ሩዝ ይጨምራሉ፤ «በቃኝ» የሚለውን ቃል በሦስት ቋንቋ ብናገር አልረዳኝም። «የሦስት ቀኑን ነው» አሉ በካርቲክ በኩል። የጥርስ ሐኪሙም ተጋብዘው ነበር፤ በራሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው በሉ።

ከምሳ በኋላ አቶ ሴልቫም ስልካቸውን አወጡ። ለፕሪያ ደወሉ። ስታነሣ «ፕሪያ» ብቻ አሉ። ስልኩን ለሚስታቸው ሰጥተው ወደ ሱቃቸው ገቡ። እኔም አለቀስኩ። ሐጂ ሙቀቱ ዓይኔን አቃጠለኝ አለ።

ለንደን

ማክሰኞ ማታ ገባን፣ በማግስቱ ብሪክስተን ሄድኩ። ንግሥት በእልልታ ተቀበለችኝ። ወገን መለወጤን ስነግራት ግን ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ለእኔ ብዬ ልኬዎት ለእነሱ አደሩ?»

«አዎ» አልኳት።

ኩባያውን በጣቷ አዞረችው። «እኔስ ስመጣ ማን ነበረኝ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እንግዲያ የልጅቷ አባት ከሆኑ፣ እኛም በደንቡ ነው የምንጠይቅዎት» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ፕሪያ እኛ ዘንድ ውላ ነበር። ወጥ ቤት ከጽጌ ጋር ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስለ አንድ ነገር እየሳቁ ነው። የፍላታችን ደወል ተደወለ። ብከፍት ሐጂ ኑሩ ነው፤ ከኋላው አቶ ደምሴ በከዘራ፣ ከእሳቸው ኋላ ናሆምን ክርስትና ያነሡት አጎቱ። ገቡ፣ እጅ ነሡ፣ ቆሙ። «ተቀመጡ» አልኩ። አልተቀመጡም። ሐጂ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኔን ሠላሳ ዓመት እንዳላወቀኝ ሆኖ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አለ። ወጥ ቤት ሳቁ ቆመ።

መልሱን ሰባት ባሕር ተሻግሬ ያመጣሁት እኔው ነኝ። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የፕሪያ ቢላዋ እንደገና ሽንኩርቱን ቀስ ብሎ ሲነካ ሰማሁት፤ ሴለም ላይ መነጽራቸውን የጠረጉት አባቷ ትዝ አሉኝ።

«አስቤበት እነግራችኋለሁ» አልኳቸው። ሐጂ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።